ቱሉ ዲምቱ የዋልኩበት ቅዳሜ

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ነበርኩ። የምህንድስና ተማሪዎች ፕሮጀክታቸውን ይዘው የሚወዳደሩበት ቀን ነበር። የእህቴ ልጅም ከቡድኗ ጋር ቀርባለች። የሠሩት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይበላል። የነሱ መሣሪያ ምጣዱ ሲግል ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል፤ ሊጥ ፈሶበት ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጨምራል።

ዳኞቹ መሣሪያው ስለሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጠየቁ። ከአቃቂ አካባቢ ፋብሪካ የመጡ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ግን ሳጥኑን ገልብጠው አዩት። "የኔ ልጅ፣ እንፋሎቱ ሽቦው ላይ አይወርድም? ይሄ ሴንሰር ቢቃጠልስ መርካቶ ይገኛል?" አሏት። ዝም አለች። እሳቸው ግን አልተዋትም። ወንበር ስበው ግማሽ ሰዓት ያህል አብረዋቸው ተቀመጡ። (እንጀራውንም ቀመስነው፤ ዓይኑ ደስ ይላል።)

የእኔ የመመረቂያ ፕሮጀክት መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀረ። እንዲህ የሚጠይቀኝ ሰው አላገኘሁም። ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት ፋብሪካም ወረቀት ሳመላልስ ነው የከረምኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጋሼ ሲወጡ ስልካቸውን ሰጧት። "ሰኞ ወርክሾፕ ኑ፣ ሳጥኑን በላሜራ እንሠራዋለን" አሏት። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ያወራችልኝ ስለ ላሜራ ውፍረት ብቻ ነበር።