እንግሊዝ አገርም «ወረዳ» አለ

እሁድ ማታ እህቴ ደወለች፣ እንደለመደችው በቪዲዮ፣ ኔትወርኩም እንደለመደው ፊቷን እየቆራረጠ። ነገ ፈረቃ የለኝም ቮሬዳ ሄጄ አንድ ጉዳይ እጨርሳለሁ ስትል እማ ጀበናውን ከሰሉ ላይ እያስቀመጠች ቀና አለችና «ወረዳ? ፈረንጅ አገርም ወረዳ አለ እንዴ ልጄ?» እህቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወላሂ እኔም ቀልድ ነበር የመሰለኝ፣ ግን ፔንሪዝ የምትባለው አጠገቧ ያለች ከተማ ውስጥ የካውንስሉ (የአካባቢው ምክር ቤት) ቢሮ ያለበት ህንፃ ስሙ የምር ቮሬዳ ሃውስ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሮማውያን ዘመን ቮሬዳ የሚባል የጦር ምሽግ ነበር፣ ስሙን ከዛ ነው የወሰዱት። ከኛ ወረዳ ጋር ምንም አይገናኝም፣ እማን ግን ማን ያሳምናታል።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፣ ሁለት ሌሊት ካርታ ላይ ተጥጄ አደርኩ። እህቴ 2022 ላይ ስትሄድ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የምትኖርበት ዲስትሪክት ኤደን ይባል ነበር። እማ በስሙ በጣም ደስ ብሏት ነበር፣ ገነት የገባች መስሏት፣ ግን የመጽሐፍ ቅዱሱ ኤደን አይደለም፣ የወንዝ ስም ነው። ወንዙ ማለርስታንግ ከሚባል ሸለቆ ይነሳና ወደ ሰሜን ይወርዳል፣ አፕልቢን አልፎ በካርላይል በኩል ባህር ይገባል። በምስራቅ በኩል የፔናይንስ ተራሮች፣ በምዕራብ የሐይቆቹ አገር፣ መሃል ላይ ሳር፣ በግ፣ ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ አጥር። ስፋቱ ከ2,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሰዉ ወደ 55 ሺህ ቢሆን ነው፣ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 25 ሰው ገደማ ማለት ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ይሄን ቁጥር እንዴት ብሎ ይመነው።

ተራራ ስላቸው እማ አሁንም «ብርዱስ?» ትላለች። የፔናይንስ ትልቁ ክሮስ ፌል 893 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ራሷ እጥፉ ላይ ናት፣ ስለ ደሴማ አናውራ። ግን አትናቁት፣ ከዛ ተራራ ላይ ሄልም ዊንድ የሚባል ነፋስ ይወርዳል፣ በብሪታንያ ስም የወጣለት ነፋስ እሱ ብቻ ነው ይባላል። አናቱ ላይ ደመና እንደ ቆብ ሲደፋ ከስር ያሉት መንደሮች ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። እኛ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ጋቢ እንደምናወጣው። አልስተን የምትባል ከተማ ደግሞ አለች፣ ከፔንሪዝ ወደሷ ለመሄድ 580 ሜትር ላይ ያለውን ሃርትሳይድን መሻገር አለብህ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ በረዶ ሲጥል ይዘጋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን በጉም ለወረደ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ወደ መንግስታቸው ስመጣ ነው ጉዱ። ዲስትሪክቱ የተቋቋመው 1974 ላይ ነው፣ እዚህ ንጉሡ የወረዱበት ዓመት መሆኑ ነው። ያኔ ዌስትሞርላንድ የሚባለውን የድሮ ካውንቲ (ከዲስትሪክት በላይ ያለ፣ እንደኛ ዞን በለው) አፍርሰው ከሌሎች ጋር ደባልቀው ከምብሪያ አሉት። አፕልቢ የዌስትሞርላንድ ዋና ከተማ ነበረች፣ ስሙ ሲጠፋ ጊዜ ምን አደረገች፣ የራሷን ስም «አፕልቢ በዌስትሞርላንድ» ብላ ቀየረችው! እልህ ነው ይሄ። ወሎ ክፍለ ሀገር የሚባል መዋቅር ከቀረ ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ከየት ነህ ስትባል «ደቡብ ወሎ ዞን» ትላለህ? ወሎ ነኝ ነው የምትለው።

ስራው ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነበር። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ የካውንቲው፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የቤት ጉዳይ፣ የግንባታ ፈቃድ የዲስትሪክቱ። ቤትህ የብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነ ግን ፈቃዱን የሚሰጥህ የፓርኩ አስተዳደር ነው፣ ስለዚህ አንድ ጎተራ ለማደስ መጀመሪያ የትኛው መስመር ውስጥ እንዳለህ ማወቅ አለብህ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ደስ አለኝ፣ «የኛ ጉዳይ አይደለም እዛ ጋ ሂድ» የሚባለው እዚህ ብቻ መስሎኝ ነበርና።

ከዛ 2023 ኤፕሪል 1 ላይ ኤደን ፈረሰ። ስድስት ዲስትሪክትና አንድ ካውንቲ፣ ሰባቱም ካውንስሎች ቀርተው ሁለት ብቻ ሆኑ። ኤደን የገባበት ዌስትሞርላንድና ፈርነስ ይባላል፣ የአፕልቢ ሰዎች ስማቸው ከ49 ዓመት በኋላ ተመለሰላቸው። ግን ምን ይዞ ተመለሰ መሰላችሁ፣ ባሮው የሚባለውን፣ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ የሚሰራበትን የወደብ ከተማ። አልስተን ላይ በግ የሚጠብቀውና ባሮው ላይ ብረት የሚበይደው በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ተራርቀው አንድ ካውንስል ሆኑ፣ 65 ተመራጭ አላቸው። ኤደን ለብቻው 38 ነበረው። ወጪ መቀነሱን አልጠላሁትም፣ ሰውዬው ለጉድጓድ መንገዱ የሚጮህለት ሰው ግን በዛው ልክ ራቀ ባይ ነኝ። እኛ ዞን ይሁንልን ወረዳ ይሁንልን ስንል እነሱ ያዋህዳሉ፣ ሁለቱም ወገን ለህዝቡ ቅርብ እንሆናለን ይላል።

እህቴ ቮሬዳ የሄደችው ለካውንስል ታክስ ነው። የሚከፈለው በቤት ነው፣ ቤቶቹ ከኤ እስከ ኤች ተመድበዋል፣ ምድቡም የወጣው ቤቱ 1991 ላይ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ነው (ዘንድሮ አይደለም፣ 1991!)። አብራት የነበረችው ልጅ ስለለቀቀች ብቻዋን ናት፣ ለብቻ ለሚኖር 25 በመቶ ይቀነሳል። ታክሱን አንድ ቢሮ ይሰበስበውና ውስጡ የፖሊስም ድርሻ አለ፣ ከታች ደግሞ ትንሽዬ መስመር፣ ፓሪሽ።

እማ የወደደችው ይሄን ፓሪሽ ነው። ትልቆቹ ሲፈርሱ እሱ አልተነካም። የመንደር ምክር ቤት ነው፣ የመቃብር ቦታ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የአውቶብስ መጠለያ ይጠብቃል፣ በጣም ትንሽ መንደር ከሆነ ምክር ቤትም የለ፣ የመንደሩ መራጮች ራሳቸው ይሰበሰባሉ። እኔ ቀበሌ ነው እያልኩ ላስረዳ ስሞክር እማ አቋረጠችኝ፣ «ቅሬ ነዋ!» አለች፣ እድር ማለቷ ነው። አሰብኩት፣ እውነቷን ነው፣ ታክስ ውስጥ ድርሻ ከመጠየቁ በቀር ቅሬ ነው።

ትናንት እህቴ ስትደውል ጉዳዩ አለቀ፣ ተቀነሰልኝ አለች። የፓሪሹ ስብሰባም ደርሷል፣ በር ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፣ ግን ደክሞኛል አልሄድም ስትል እማ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ይቀጡሻል!»