«አይቻለሁ ማለቴ እኮ ነው»

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ጣና ዳር ቆሜያለሁ። ብቻዬን አይደለም፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት እንግዶች ይዤ ነው። አክስቴ ነጠላዋን ተከናንባለች፣ ልጆቿ ዳቦና ውሃ በፌስታል አንጠልጥለዋል፣ ሁላችንም ሐይቁ ላይ አፍጥጠናል። ጀልባ የለም። ማለቴ ጀልባማ ሞልቷል፣ የኛ የለም።

ረቡዕ ማታ ለባለ ጀልባው በቴሌግራም ጽፌለት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ስድስት ሰው፣ ዘጌ ደርሶ መልስ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ እንመለሳለን፣ ዋጋው እንደ ባለፈው። ሁሉንም ዘርዝሬ። እሱ አውራ ጣት ላከልኝ። ያችን ቢጫ፣ ወደ ላይ የቆመችውን። እኔም ስልኬን አስቀምጬ ለአክስቴ «የጀልባው ነገር አልቋል» አልኳት።

ስደውልለት ከእንቅልፉ ነው የተነሳው።

«ወንድም ዓለም፣ እኔ እኮ ጎርጎራ ነኝ። ትናንት ሰው ይዤ መጥቼ እዚሁ አደርኩ።»

«አውራ ጣት ልከህልኝ የለም እንዴ?»

«እሱማ ልኬያለሁ። አይቻለሁ ማለቴ እኮ ነው። እሺ ያልኩ ቢሆን እደውልልህ አልነበር?»

አክስቴ አጠገቤ ስለነበረች የልቤን አልተናገርኩም። ሌላ ጀልባ ፈለግን፣ ሰውየው መቸኮላችንን አይቶ ዋጋውን ቆለለው፣ ከፈልኩ፣ ሄድን።

የሚገርመው ነገር የመጣው መንገድ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አክስቴ ደግሞ አንድ ሰዓት ዝም ብላ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። አዲሱን ባለ ጀልባ ያዘችው። ዋጋው እንደበዛ፣ እኛ እንግዳ ብንሆንም አገር አናውቅም ማለት እንዳልሆነ፣ ስንመለስ ትንሽ ቢቀንስልን ጽድቅ እንደሚሆንለት፣ እሷም ወንድ ልጅ እንዳላት፣ እናት መሆን ምን እንደሆነ እሱም እንደሚያውቅ ነገረችው። እሱ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል በየአረፍተ ነገሯ መጨረሻ ያችን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። ታውቋታላችሁ። በፊደል ልጻፋት ብል «ህእ» ትመስላለች፣ ግን ፊደል የላትም። ፈረንጆች መጀመሪያ ሲሰሟት ሰውየው የደነገጠ ወይም ትን ያለው ይመስላቸዋል። እኛ ግን በቀን መቶ ጊዜ እንላታለን። አክስቴ ትናገራለች፣ እሱ «ህእ»። ትጨምራለች፣ «ህእ»። እሷማ ያለቀላት መስሏት ወደኔ ዞራ ጠቀሰችኝ።

ጨርሳ ዝም ስትል፣ «እናቴ፣ ቤንዚኑን ማን ይችለዋል» አላት። አንዲት ብር አልቀነሰም።

እዚያው ጀልባው ላይ ነው የገባኝ። የዚያኛው ሰውዬ አውራ ጣት እኮ «ህእ» ነች። እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል፣ አለሁ። ስልክ ላይ ዝም ካልክ ያኛው ወገን «ሃሎ፣ አለህ?» ይልሃል፤ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ዝም ካልክ ናቅከኝ ይልሃል። ስለዚህ ሰው አውራ ጣቱን ያነሳል። ፈረመ ማለት ግን አይደለም።

ይህን ካየሁ በኋላ ድሮ ግራ ያጋባኝ የነበረው የዕድራችን ግሩፕ ገባኝ። የዕድሩ ጸሐፊ «አቶ እገሌ ስላረፉ ቀብራቸው ነገ 6 ሰዓት» ብሎ ይለጥፋል፣ ሥሩ ሃያ አውራ ጣት ይደረደራል። ሰው ሞቶ ጎበዝ! እኔ ለዓመታት ይሄ ሕዝብ ምን ነካው ስል ነበር። አንዲት ወጣት ጎረቤታችን «ለሞት ላይክ አይደረግም» ብላ ጽፋ ታውቃለች፣ በእሷም መልእክት ሥር ሰባት አውራ ጣት አገኘች። አሁን ሳስበው ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ። ጡሩንባ ነፊው በሰፈር ሲያልፍ በር ከፍቶ ብቅ ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሰምቻለሁ፣ እመጣለሁ። ቀብር ላይ ማን እንደቀረ ደግሞ ሁሉም ያያል።

ግን እልህ ያዘኝ። ባለ ጀልባውን ጥፋተኛ የሚያደርግልኝ ነገር ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ፣ እና አገኘሁ። ካናዳ፣ ሳስካችዋን የሚባል ግዛት ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 2021 አንድ እህል ገዢ ለአንድ ገበሬ የውል ፎቶ አንስቶ በስልክ ይልክለታል፣ አረጋግጥልኝ ይለዋል። እህሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ተልባ! ገበሬው አውራ ጣት ይልካል። የማስረከቢያው ጊዜ ደረሰ፣ የተልባ ዋጋ ጣራ ነካ፣ ተልባው ግን አልመጣም። ፍርድ ቤት ቀረቡ። ገበሬው ምን ቢል ይሻላል፦ ውሉ ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አይደለም። ቃል በቃል የኔው ባለ ጀልባ! ዳኛው ግን አልተቀበለውም። በ2023 አውራ ጣቷ እንደ ፊርማ ተቆጥራ ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ክፈል ተባለ። ይግባኝ አለ፣ በ2024 ያም ወደቀበት።

ይኸው ሊንኩን ልልክለት ነበር። ደግነቱ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዳኛው የፈረደው አውራ ጣት በዓለም ሁሉ እሺ ማለት ነው ብሎ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት ሲገበያዩ የነበረውን አይቶ ነው። ገበሬው በፊትም ውል ሲላክለት «እሺ» ወይም «ጥሩ ነው» ብሎ በአጭሩ ይመልስና እህሉን ያስረክብ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አጭር መልስ ውል ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ የኔንና የባለ ጀልባውን የድሮ ጽሑፎች ወደ ላይ ሄጄ አየኋቸው። ጥምቀት አካባቢ፦ ጻፍኩለት፣ አውራ ጣት፣ ከዚያ የስልክ ጥሪ። ግንቦት ላይ፦ ጻፍኩለት፣ አውራ ጣት፣ ጥሪ። አንድ ጊዜ እንኳን በአውራ ጣት ብቻ ሄደን አናውቅም። በካናዳው ዳኛ ሚዛን ብንዳኝ የማሸንፈው እኔ አይደለሁም። ሊንኩን አልላክሁለትም።

ነገሩ ከጥንቱም እንዲህ ነው። ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ ተደርድረው ፈገግታ የሆኑት መስከረም 9 ቀን 1975 ነው፣ በፈረንጆቹ 1982። አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሰው በኮምፒውተር ማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ሊፍት ውስጥ ሜርኩሪ ፈሷል ብሎ ይቀልዳል፣ ቀልዱ ያልገባቸው ሰዎች የምር መሰላቸው። ስኮት ፋልማን የሚባል የኮምፒውተር ሊቅ እንግዲያው ለቀልዱ ምልክት እናድርግለት፣ አንገታችሁን ወደ ጎን አዘንብላችሁ አንብቡት አለ። የድምፁ ቃና በጽሑፍ ስለጠፋ ነው። ኢሞጂ የሚለውን ቃል ራሱ እኔ ከስሜት ጋር የተያያዘ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጃፓንኛ ነው፣ ሥዕልና ፊደል ማለት። በፈረንጆቹ 1999 ሺጌታካ ኩሪታ ለአንድ የጃፓን የስልክ ኩባንያ 176 ትንንሽ ሥዕሎች ሠራ፣ እያንዳንዷ 12 በ12 ነጥብ። በነገራችን ላይ የኛም የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚጋሩት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በዚያው በ1999 ነው። ኢሞጂ ፊደል ከሆነች ደግሞ ማንበብ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋታል፣ እኛን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስቆጠረንም፣ ሁሉም በየቤቱ ለራሱ ነው የቆጠረው።

የስልኩ ዓይነትም አለበት። አንዱ ስልክ ላይ ጥርሱን የሚያሳይ ደስተኛ ፊት ሌላው ላይ ጥርሱን የሚያፋጭ ይመስላል፤ የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2016 ይህን አጥንተው ሰዎች አንዱን ሥዕል እያዩ እንኳን ደስታ ነው ንዴት ነው በሚለው እንደማይስማሙ አይተዋል። እኔም እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ኢሞጂ ያላስገባሁት ለዚህ ነው። እሺ፣ ትንሽ ስንፍናም አለበት።

የተገጣጠሙት ሁለት እጆችስ? ለኔ አመሰግናለሁ ነው። ለእናቴ ጸሎት ነው፣ የታመመ ሰው ስም ሲነሳ ነው የምትልከው። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ከዚህ በላይ አትጨቅጭቀኝ» ነው፣ ይህን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ስለ ቀይ ልብ ባልናገር ይሻላል፣ ትዳር ያለኝ ሰው ነኝ።

የሞባይል ዳታ በጠፋበት ዘመን ግን ሌላ ነገር አየሁ። ያኔ ሁላችንም ወደ ኤስኤምኤስ ተመለስን። በላቲን ፊደል ከጻፍክ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል ወይም አንዲት ኢሞጂ ጣል ካደረግክበት ወደ 70 ይወርዳል። አንዲት ቢጫ ፊት ዘጠና ፊደል ትበላለች ማለት ነው። ሂሳቡ የገባቸው ልጆች ወደ ሁለት ነጥብና ቅንፍ ተመለሱ። እኔና እህቴ በዚያ ወራት ከምንጊዜውም በላይ ተግባባን፣ ምክንያቱም ነገር ሲጠም ዝም ብለን እንደዋወል ነበር።

ባለ ጀልባው ጋ ልመለስ። አልተኳረፍንም። ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ቤተሰቦች መጡና እንደገና ጻፍኩለት፤ እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ዘጌ፣ ዘጠኝ ሰው። ቶሎ መለሰልኝ። በዚህኛው ጊዜ ሁለት አውራ ጣት ነው የላከው። ሁለት! አንዷ ማየት፣ ሁለተኛዋ እሺ ትሆን እንዴ ብዬ ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ ግን ደወልኩ።

አነሳው። ከጀርባው ሞተር ይጮኻል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰዉን ብዛት አንድ በአንድ ነገርኩትና «እንግዲህ እሑድ እንገናኛ?» አልኩት።

«ህእ» አለኝ።