የ2013ን ካላንደር አትጣሉት

የ2013 ካላንደር ቤታችሁ የሆነ ቦታ ተጠቅልሎ ካለ አትጣሉት። አቧራውን አራግፉና ለ2019 መልሳችሁ ስቀሉት። መስከረም 1 ሁለቱም ላይ ዓርብ ነው። መስቀልም፣ ገናም፣ ጥምቀትም የሚውሉበት ዕለት አንድ ነው። ሳጥኑ ጥግ ላይ በትንንሹ የሚጻፈው የፈረንጅ ቀን እንኳ አይዛነፍም።

ይህን የማውቀው ካላንደር ስለምሠራ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ የዲዛይን ቤት አለችን። ክረምቱ ሲገባ ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ ቀለም አከፋፋዩም «የኛስ ደረሰ?» ማለት ይጀምራል። ደንበኛ የሚጨነቀው ለፎቶው ነው። እኔ የምጨነቀው ለሳጥኖቹ ነው። ቀኖቹ በአንድ ሳጥን ከተንሸራተቱ ያ ሁሉ ወረቀት የቁራሌው ሲሳይ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ከባዶ አልጀምርም። መጪውን ዓመት የሚመስል የድሮ ፋይል እፈልጋለሁ። ፍለጋው የሚጠይቀው ሂሳብ ደግሞ አንደኛ ደረጃ ሳለን «ብዜት» ብለን የተማርነውን ብቻ ነው።

አራት ተከታታይ ቁጥሮች ውሰዱ። 2016፣ 2017፣ 2018፣ 2019 እንበል። ከአራቱ አንዱ የግድ የ4 ብዜት ነው፤ ሁለት ግን አይሆኑም። 2016 ለ4 እኩል ይካፈላል። 2017 አንድ ይተርፈዋል፣ 2018 ሁለት፣ 2019 ሦስት። 2020 ላይ እንደገና ምንም አይተርፍም። ከየትኛውም ቁጥር ብትነሱ ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ለነዚህ ቀሪዎች ስም አውጥታላቸዋለች፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ነው።

የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ደንብ በመጀመሪያ 5500 ደምረህ ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ አውጣ ይላል። ወንጌላዊውን ብቻ ለሚፈልግ ግን ይህ ድካም ነው። 5500 ራሱ የ4 ብዜት ስለሆነ ቀሪውን አይነካውም። 100ም የ4 ብዜት ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ማየት ይበቃል። 19 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሉቃስ። አለቀ። ይሄ አቋራጭ ለ7 እና ለ19 ስናካፍል አይሠራም፤ እዚያ 5500ን የዘለለ ጉድ ይሆናል።

የዕለቱ ነገር ደግሞ የ7 ጉዳይ ነው። 365 ማለት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ስለዚህ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደፊት ይሄዳል። ጳጉሜን 6 ከሆነች ሁለት ይዘላል። ከመስከረም 2013 እስከ መስከረም 2019 ስድስት ዓመት ነው፤ ስድስት ዕለት። መሐል ላይ የ2015 ጳጉሜን 6 ሆና ነበር፤ አንድ ትጨምራለች። ሰባት። ሰባት ዕለት የሄደ ሰው የትም አልሄደም።

እስከዚህ ያለው ለኔ አዲስ አልነበረም። ፋይሉን ከፍቼ የአጽዋማቱን ገጽ ስደርስ ነው ነገሩ የመጣው። ጾመ ነነዌ በ2013 የካቲት 15 ነበር። በ2019ም የካቲት 15። ፋሲካ በ2013 ሚያዝያ 24 ነበር። በ2019ም ሚያዝያ 24። ስቅለት ዓርብ፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ፣ ፋሲካ እሑድ፤ ሁለቱም ዓመት ላይ እንዲሁ ተደርድረዋል። ፋሲካ የሚዟዟር በዓል ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ምክንያት ተመልሶ እዚያው ቦታ አይቀመጥም።

የአንድ ማኅበር ካላንደር የሚያርሙ መሪጌታ አሉ። በየዓመቱ ከመታተሙ በፊት መጥተው በቀይ እስክሪብቶ ያዩታል። ኮምፒውተሩን አያምኑትም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ነነዌን የሚያወጡት በሁለት ቁጥር ድምር ነው፦ አንዱ መጥቅዕ የሚባል የዓመቱ ቁጥር ነው፤ ሌላው ተውሳክ ነው፤ የመጥቅዑ ቀን (ከ14 ካነሰ በጥቅምት) በዋለበት ዕለት የሚወሰን ጭማሪ።

«የኔታ፣ ነነዌ ሁለቱም ላይ አንድ ቀን ዋለ» አልኳቸው።

«መጥቅዓቸው አንድ ነው?»

«አይደለም። የ2013 13 ነው፣ የ2019 7 ነው።»

«ዕለታቸውስ?»

«ጥቅምት 13 ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ።»

«እንግዲህ ተውሳካቸውን ደምራ!»

ደመርኩ። የዓርብ ተውሳክ 2 ነው፤ 13 ሲደመር 2፣ 15። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ 7 ሲደመር 8፣ 15። የኔታ ሳይገረሙ ወደ መጋቢት ገጽ አለፉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

መጥቅዕ ከየት እንደሚመጣ ቶሎ ልበል። ስሌቱ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በድሜጥሮስ ስም የሚነገር ነው። ዓመተ ዓለሙን ለ19 ታካፍሉና ከቀሪው አንድ ትቀንሳላችሁ፤ ወንበር ይባላል። ለ2019፣ 7519 ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ ወንበሩ 13 ነው። ወንበሩን በ19 አባዝታችሁ 30 በ30 ስትገድፉ (ስትቀንሱ) የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። በ11 አባዝታችሁ ብትገድፉ ደግሞ አበቅቴ ይወጣል። 13 በ19፣ 247፤ ሲገደፍ 7። 13 በ11፣ 143፤ ሲገደፍ 23። 7 እና 23 ሲደመሩ 30። ሁልጊዜ ድምራቸው 30 ነው፤ 19 እና 11 ራሳቸው 30 ስለሆኑ ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ሌላም አለ። ከ1 እስከ 30 ካሉት ቁጥሮች መጥቅዕ የሚሆኑት 19ኙ ብቻ ናቸው። 1፣ 3፣ 6፣ 9፣ 11፣ 14፣ 17፣ 20፣ 22፣ 25 እና 28 መጥቅዕ ሆነው አያውቁም፤ አይሆኑምም። እነዚህ የቀሩት 11 ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን አይገኙም፤ በየመሐላቸው አንድ ወይም ሁለት መጥቅዕ አለ። ለምን እንደዚያ እንደተሰራጩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መሞከር የእሑድ ከሰዓትን በደንብ ይጨርሳል።

ወደ ተውሳኩ ልመለስ። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ልጅ ሆኜ ስሰማው የሚሸመደድ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው ከ2 እስከ 8 ያሉ ሰባት ተከታታይ ቁጥሮች ናቸው። ሰባት ተከታታይ ቁጥሮች ደግሞ ለ7 ሲካፈሉ ሁሉንም ቀሪ አንድ አንድ ጊዜ ያወጣሉ፤ የሚደገምም የሚቀርም የለም።

ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ መግባት አለበት። ከጥቅምት እስከ የካቲት አራት ወር ነው፤ 120 ቀን። ይህ 17 ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ከዋለ የካቲት 7 እሑድ ነው። ከእሑድ ሰኞ ለመድረስ ወይ 1 ወይ 8 ትጨምራላችሁ። በ1ም ሰኞ ይገኛል፤ ግን ጾሙ በሳምንት ይቀድማል። ደንቡ 8 ይላል። ጥቅምት 8 ደግሞ እሑድ ነው፤ የካቲት 8 ሰኞ ይሆናል፤ 7 ሲጨመር ያው ሰኞ። መጥቅዑ በአንድ ሲያድግ ተውሳኩ በአንድ ያንሳል። መጥቅዑ ከ14 በልጦ መስከረም ላይ ሲውልም እንዲሁ ነው፤ ከመስከረም እስከ ጥርም 120 ቀን ነው።

እንግዲህ መስከረም 1 ዓርብ በሆነበት ዓመት ደርድሩት፦ 7 እና 8፣ 8 እና 7፣ 9 እና 6፣ 10 እና 5፣ 11 እና 4፣ 12 እና 3፣ 13 እና 2። 9 እና 11 መጥቅዕ ባይሆኑም ሁሉም 15። መጥቅዑ ከ7 እስከ 13 የትኛውም ይሁን ነነዌ የካቲት 15 ነው። 2013 በአንደኛው ጫፍ ገባ፣ 2019 በሌላኛው። አንድ ቁጥር ቢያልፉ ኖሮ በሳምንት ይለያዩ ነበር።

የድሮውን ካላንደር የምትሰቅሉ ሰዎች ሦስት ነገር በእጃችሁ አስተካክሉ። ዘመነ ማቴዎስ የሚለውን ሉቃስ በሉት። ጳጉሜን 6 ቅዳሜ ላይ ጨምሩ። ዒድ አልፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ሰርዛችሁ አዲሱን ጻፉ፤ የሒጅራ ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም በስድስት ዓመት ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ሄዷል።

ለ2020 ግን ይህን የመሰለ ዕድል የለም። እሑድ ይገባል፣ ዮሐንስ ነው፣ መስከረም 1 በፈረንጅ 12 ላይ ይውላል፣ ገናም ታኅሣሥ 28 ነው። 2015 እሑድ ገብቶ ነበር፤ የፈረንጁ ቀን ግን አይገጥምም። 2009ም ያው ነው። ሳጥኑም የፈረንጁም ቀን አብሮ እንዲገጥም 4 በ7፣ 28 ዓመት ወደኋላ መሄድ አለብኝ፤ 1992። ፋሲካው እንኳ ያኔ አይገጥምም፤ እሱንም ከፈለግሁ 28ን ሦስት ጊዜ፣ 84 ዓመት ነው የምመለሰው፤ 1936። የ1992 ፋይል የለኝም። የዚያን ዓመት ካላንደር ግድግዳው ላይ የረሳ ሰው ካለ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።