አክሴል እያንኳኳ ነው

የምሠራው አዳማ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ለአራተኛ ክፍል ልጆች መጽሐፍ አነባለሁ። አነባለሁ ስል፣ ለልጆች ያጠረውን እንግሊዝኛ ይዤ በአማርኛ እተርካለሁ ማለቴ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው ካሉ እሱንም ጣል አደርጋለሁ።

በ2017 ኅዳር ላይ የዡል ቬርንን መጽሐፍ ጀመርን፤ ወደ መሬት እምብርት የሚጓዙትን ሰዎች ታሪክ። በፈረንሳይኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1864 ቢሆንም ልጆች ላይ ዛሬም ይሠራል። ሊደንብሮክ የሚባሉ ችኩል ፕሮፌሰር አሉ። አጎትነታቸው ለወጣቱ አክሴል ነው። ሃንስ የሚባል አይስላንዳዊ መንገድ መሪ ቀጥረው፣ ሦስቱም በእሳተ ገሞራ አፍ ወደ ታች ይወርዳሉ። እታች ባሕር አለ። ዛፍ የሚያክል እንጉዳይ አለ። ድሮ የጠፉ አውሬዎች አሉ።

ልጆቹ ግን የወደዱት ሃንስን ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። መሬት ሥር ሆኖ እንኳን ቅዳሜ ማታ ሲደርስ የሳምንት ደመወዙን ይቀበላል። በሃንስ እኔም ቀንቻለሁ።

የዚያን ዓመት ታኅሣሥ አዳማ የነበረ ሰው አይረሳውም። ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ንዝረቱ እኛ ጋ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ድረስም ይሰማ ነበር። ሌሊት አልጋው ይወዛወዛል፣ ብርጭቆው ከብርጭቆ ይጋጫል። ጠዋት ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት "ሌሊት ተሰማሽ?" ነው።

የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ አባት ጻፉ። "በዚህ ሰዓት ስለ ከርሰ ምድር ለልጆች ማንበብ ምን የሚሉት ነው?" ከሥር ድጋፉ ጎረፈ። ዳይሬክተራችን ለነገር የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። ግሩፑ ሲጋል ግን "ለጊዜው ይቁም" አሉ። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተመለሰ።

የት ላይ እንደቆመ የጠየቀ የለም። አክሴል ከአጎቱና ከሃንስ ተለይቶ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። ሮጠ፣ ጮኸ፣ የሚመልስለት ጠፋ። በእጁ የያዘው መብራት ወድቆ ተጎድቶ ነበር፤ ቀስ እያለ ደከመና ድርግም አለ። እኔም በዚሁ "ሳምንት እንቀጥላለን" ብዬ መጽሐፉን ከድኜው ነበር።

አንድ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አንዲት እናት ላይብረሪ መጡ። እንቅልፍ እንዳጡ ፊታቸው ይናገራል።

"ሌሊት መሬቱ ነቅነቅ ሲል ልጄ እኔ አልጋ ላይ መጣ" አሉኝ። "አይዞህ ብለው፣ 'እማዬ፣ አክሴል ነው፤ ክፈቱልኝ እያለ እያንኳኳ ነው' አይለኝ መሰለሽ! ማነው አክሴል?"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ዳይሬክተሩ ሲሰሙ "አየሽ? እንዲያውም ቀድመን ነበር ማቆም የነበረብን" አሉ።

እኔ የታየኝ ሌላ ነው። ልጁን እንቅልፍ የነሳው ያነበብኩለት ሳይሆን ያላነበብኩለት ነው። ወደ መሬት ሥር የሚወስዱ ታሪኮች ልጅን የማያስፈሩት መውጫ ስላላቸው ነው። አክሴልን አስገብተን በሩን ዘጋንበት። ልጅ ደግሞ ካልጨረሱለት ራሱ ይጨርሰዋል። እሱም በማንኳኳት ጨረሰው። ይህንን ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "በይ እንግዲያው ልጁን አውጪልን" አሉ። የሳይንስ መምህሩ አብሮ እንዲገባ፣ የፈለገ ወላጅም እንዲመጣ ተስማማን። ልወጣ ስል ግን "ለመሆኑ መጨረሻው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

መጨረሻው እሳተ ገሞራ ነው። በታንኳ ቢጤ ላይ እንደተቀመጡ የቀለጠው ዓለት ከሥር እየገፋ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። ከአይስላንድ የገቡት ሰዎች ጣሊያን ውስጥ በስትሮምቦሊ በኩል ብቅ ይላሉ።

"በስመ አብ! እሱንስ ዝለይው።"

"ከዘለልኩት በምን ይውጡ? በሊፍት?"

ሳቁ። እሺም እምቢም አላሉም።

መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስምጥ ሸለቆውን ሳለ። ፈንታሌ ይኸው፣ ዶፈን ይኸው፣ እኛ እዚህ። ከሥር የቀለጠ ዓለት፣ ማግማ የሚሉት፣ እየተንቀሳቀሰ መሬቱን ሲለጥጠው ነው የሚያነዝረን አለ። እታች ሰው እንደማይኖርም ነገራቸው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። "ከመተሐራም ይብሳል?" አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም ዴስክ ሥር ገብተው ጭንቅላታቸውን መሸፈን ተለማመዱ። ወላጆቹም ገቡ። አንድ ወፈር ያሉ አባት ለመውጣት እርዳታ ፈለጉ።

ቀጥሎ አክሴል። ጨለማው ውስጥ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ሲለጥፍ የሰው ድምፅ ይሰማል። አጎቱ ናቸው። ዓለቱ ድምፁን ከሩቅ ይዞ ይመጣል። ምን ያህል እንደተራራቁ ለማወቅ ስም ይጠራራሉ፤ ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ 40 ሰከንድ ይፈጃል። እዚህ ላይ አቆምኩና ሒሳቡን ለልጆቹ ሰጠኋቸው። መሄጃው 20 ሰከንድ፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ። አንዲት ልጅ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አባዛች። 6,800 ሜትር።

"ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው" አልኩ።

"ቅርብ ነው እኮ!" አለ የማንኳኳቱ ባለቤት። "ከፍራንኮ ሰፈር በባጃጅ ቢሆን ስንት ይጠይቁታል?"

ክፍሉ በባጃጅ ዋጋ ተጨቃጨቀ። እናትየው ከኋላ ሆነው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ አክሴልን የሚያየው መንገድ እንደጠፋበት ሰው ሆነ፤ እንደ ተቀበረ አይደለም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ አልዘለልኩትም። መሬት እየተንቀጠቀጠ ባለበት ሰሞን ስለሚፈነዳ ተራራ ማንበብ ቀላል አይደለም፤ ድምፄ ሳይሰበር አልቀረም። እንደዚህ ተደርጎ በሕይወት መውጣት የደራሲው ፈጠራ እንጂ በእውነቱ ዓለም እንደማይሆን አስቀድሜ ነገርኳቸው። ቢሆንም ሦስቱ ሰዎች ፀሐይ ላይ ሲወጡ ልጆቹ ተነስተው አጨበጨቡ። አንዷ ብቻ "ሃንስ የዚያን ሳምንት ደመወዙን ተቀበለ ወይ?" ብላ ጠየቀች።

ንዝረቱ ከዚያም በኋላ ቀጥሎ ነበር። ልጁ መነሳቱን አልተወም፤ እናቱ እንዳሉት ግን ራሱ ቀድሞ ጠረጴዛ ሥር ይገባና "ማግማ ነው፣ ነይ ግቢ" ይላቸው ነበር።

ዳይሬክተራችን ደግሞ ትምህርት ቤት ለእረፍት ሊዘጋ ሲል ላይብረሪ ብቅ ማለት ጀምረዋል። መጽሐፉን አያነሱም፣ ርዕሱንም አያዩም። "የት ደረሳችሁ?" ይሉኛል። ጉድጓድ ውስጥ ነን ካልኳቸው፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ቀንሰው አንድ ይጨምሩልኛል። የስፖርት መምህሩ እስካሁን አኩርፎኛል።