ያለ ሲሚንቶ የተተከለው ዳሌዬ 18 ዓመት ሞላው

ሰሞኑን ዳሌ ቅየራ ሊሰሩ የተዘጋጁ ሰዎች እየደወሉ ስለሚጠይቁኝ የኔን ነገር ከመጀመሪያው ልጻፈው ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

1997 ላይ ከሐረር ስንመለስ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባሱ ተገለበጠና የግራ ዳሌዬ ወለቀ። ተመልሶ ገባ፣ ድኜ ሥራም ጀምሬ ነበር። ዓመት ከምናምን በኋላ ግን ብሽሽቴን ያመኝ ጀመር፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ሲታይ ለካ ያኔ ሲወልቅ ደም የሚያደርሱለት ስሮች ተጎድተው የጭን አጥንቱ ራስ ሞቶ እየተደረመሰ ነው። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ 1999 ላይ ህንድ ሄጄ ተቀየረልኝ፣ 34 ዓመቴ ነበር።

ዶክተሩ ወጣት ነህ አጥንትህም ጠንካራ ነው ያለ ሲሚንቶ እንሰራዋለን አለኝ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ደነገጠች። እድሜዋን ሙሉ ድሬ ሲሚንቶ ፋብሪካ አጠገብ የኖረች ሰው ናት፣ «ልጄ፣ ታዲያ ያለ ሲሚንቶ ምን ይዞት ይቆማል?» አለችኝ። አጥንቱ ራሱ ነው የሚይዘው። ታይታኒየሙ ላዩ ሻካራ ነው፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ተጠብቆ እንዲገባ ይደረግና አጥንት ቀስ እያለ እዛ ውስጥ ያድጋል። (ሲሚንቶ የሚሉትም የቤቱ አይደለም፣ አክሪሊክ ነው።) ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብረቱ ከሚሊሜትር ሽራፊ በላይ ከተነቃነቀ በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ጠባሳ ነው የሚበቅልበት፣ ያ ደግሞ አይይዝም። ስለዚ ሁለት ክራንች ለ6 ሳምንት ተባልኩ፣ እኔ 10 ሳምንት ያዝኩ።

ቤት ስገባ የከበደኝ ክራንቹ አይደለም፣ መቀመጫው ነው። የኛ ሀገር ኑሮ ሁሉ መሬት ላይ ነው አቦ፣ ፍራሽ ላይ መቀመጥ፣ በርጫ፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት። ዳሌህን ከ90 ዲግሪ በላይ አትጠፍ ሊወልቅ ይችላል ብለውኛል። ለገሃሬ ብየዳ ቤት ሄጄ መሃሉ ክፍት የሆነ ከጉልበቴ ከፍ የሚል የብረት ወንበር አሰራሁ፣ 3 መቶ ብር ነው ያወጣሁበት፣ ከዛ ሁሉ ወጪ ውስጥ እንደሱ የጠቀመኝ የለም። ሶላት ወንበር ላይ መስገድ ጀመርኩ፣ ሱጁድ መውረድ ስለናፈቀኝ መጀመሪያ ሰሞን አልቅሻለሁ።

ከዛ ዳንኩ። ሙሉ በሙሉ። ከከዚራ መጋላ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ምንም አያመኝም። ስህተቴም እዚህ ላይ ነው። በየጊዜው ራጅ ተነሳ ተብዬ ለዓመታት አንድም ቀን አልተነሳሁም፣ ምን ሊያደርግልኝ ብዬ።

2014 ላይ ለሌላ ነገር ሆድና ዳሌዬን ራጅ ስነሳ ባለሙያው ዝም ብሎ ፎቶውን ሲያይ ቆየ። የጭኑ ብረት ጫፍ ላይ ያለው ኳስ የዳሌ አጥንቱ ውስጥ የተተከለው ኩባያ መሃል መሆን ሲገባው ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ማለት በመሃላቸው ያለው ፕላስቲክ ላይነሩ ተበልቷል፣ ከኩባያው ጀርባ ደግሞ አጥንቱ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ጥቁር ባዶ ቦታ ይታያል። ፕላስቲኩ ሲፋቅ የሚረግፈውን ብናኝ ሰውነት ሊያጠፋ ሲታገል የራሱን አጥንት ይበላል፣ ህመም የለውም፣ ድምፅ የለውም። ድሮ ይሄን «የሲሚንቶ በሽታ» ይሉት ነበር፣ ያለ ሲሚንቶ በተሰሩትም ላይ ሲመጣ ነው ዋናው ጥፋተኛ የፕላስቲኩ ብናኝ መሆኑ የገባቸው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ በጨረር የተጠናከረ ፕላስቲክ መጥቶ መበላቱ በጣም ቀንሷል፣ የኔ የድሮው ዓይነት ነበር።

ደስ የሚለው ብረቱ ፍንክች አላለም፣ አጥንቱ አንቆ ይዞታል። ስለዚ ላይነሩንና ኳሱን ብቻ መቀየር ይበቃ ነበር፣ ግን የየትኛው ካምፓኒ ነው? መጠኑስ? ልኩ ካልታወቀ ደህናውን ኩባያ ነቅሎ ማውጣት ሊመጣ ነው። ያሰራሁበት ሆስፒታል በኢሜል ፋይሉ የለም አለኝ። ሁለት ወር ተጨነቅኩ። በመጨረሻ እህቴ የእናቴን ሳጥን ስታገላብጥ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከቤት ካርታው ጋር ተጣጥፎ የመውጫ ወረቀቴ ተገኘ፣ በድሬ ሙቀት ሙጫው ደርቆ የተተከሉልኝ ብረቶች ካምፓኒና መጠን የተጻፈባቸው አራቱ ስቲከሮች ሊረግፉ ደርሰዋል፣ ቁጥራቸው ግን ይነበባል። ያቺ ወረቀት ናት ኩባያዬን ያተረፈችው። አዲስ አበባ ላይነሩ ተቀየረ፣ ባዶው ቦታ በአጥንት ተሞላ፣ በሦስተኛው ወር ያለ ክራንች ነበርኩ።

አንዷ ጎረቤቴ ለ78 ዓመት እናቷ ያለ ሲሚንቶ ይሁን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ስለጠቀመኝ ለሁሉም ነው አልልም። ከ75 ዓመት በላይ አጥንት ስስ ስለሚሆን የጭኑን ብረት በሲሚንቶ መያዙ ስብራት እንደሚቀንስ የብዙ አገር የዳሌ ቅየራ መዝገቦች ያሳያሉ፣ ሐኪሙን በዚህ ጠይቂው አልኳት። ስንት ዓመት ይቆያል ለምትሉኝ ደሞ፣ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአውስትራሊያና የፊንላንድ መዝገቦች ስሌት ከ100 ዳሌ ወደ 58 የሚሆነው 25 ዓመት ይደርሳል ይላል፣ ሲሚንቶ ያለውም የሌለውም፣ የድሮ ፕላስቲክም ተደባልቆ ነው።

ጥርሴን ካመመኝ ወይ እግሬ ላይ ቁስል ከወጣ አላሳድርም፣ ኢንፌክሽን በደም ዞሮ ብረቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የስቲከሮቹ ፎቶ እኔም እህቴም ስልክ ላይ አለ፣ ወረቀቱ ላሚኔት ተደርጎ እዛችው ቆርቆሮ ውስጥ ተመልሷል። ራጅ በየዓመቱ ህዳር ላይ እነሳለሁ፣ የዘንድሮውን ካለፈው ጋር ጎን ለጎን መስኮት ላይ ይዤ ኳሱ መሃል ላይ መሆኑን ራሴ አይቼ ነው ለዶክተሩ የምሰጠው።