«3፡00 ላይ ተሰጥቷል» ሲባል የትኛው 3 ሰዓት ነው?

ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነርስ ካርድ ላይ የምታሰፍረው ቢበዛ ሁለት መስመር ነው። ነገ ያንን ካርድ የሚከፍተው ግን ሌላ ተረኛ ነው፤ ጽፋው ወደ ቤቷ የሄደችውን ደውሎ አይጠይቃትም።

ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ የታዘዘለት ታካሚ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተወጋ እንበል። የፈረንጅ ሰዓት የለመደች ነርስ «9፡00» ብላ ትጽፋለች። የማታው ተረኛ ከቀኑ 9 ሰዓት መስሎት ቀጣዩን መርፌ ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይገፋዋል። መድኃኒቱ በ6 ሰዓት ዘገየ። ክፍሉ በአንድ አቆጣጠር ይስማማ፤ ቁጥሩም ብቻውን አይቁም፣ «ጠዋት 3፡00» ተብሎ ይጻፍ።

የመርፌ መስመር የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ በጡንቻ ይሁን በደም ሥር፣ የተወጋውን ጎን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ስምና ፊርማን ይይዛል። «1 ቫያል» (አንድ ብልቃጥ) መጠን አይደለም፤ ሴፍትሪያክሶን የ500 ሚሊ ግራምም የ1 ግራምም ቫያል አለው። ፊርማው ከመርፌው በኋላ ነው። ሰልፍ ሲበዛ አስቀድሞ መፈረም ይለመዳል፤ ከዚያ ደም ሥሩ እምቢ ይላል ወይም ታካሚው ላቦራቶሪ ሄዶ ይቀራል፣ ካርዱ ግን «ተሰጥቷል» ይላል። ካልመጣ ቦታውን ባዶ አትተዉት፤ «አልመጣም» ብላችሁ ፈርሙ።

ቀንም እንደ ሰዓቱ ያሳስታል፣ በተለይ በነፍሰ ጡሮች ክትትል። በእኛ አቆጣጠር የመውለጃው ቀን የሚገኘው የመጨረሻው ወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን በመደመር ነው። መሃል ላይ ጳጉሜን ካለ የሚደመረው 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። የመጨረሻ ወር አበባዋን ጥር 10 ቀን 2017 ያየች እናት ጥቅምት 15 ቀን 2018 ትጠበቃለች። ጳጉሜን የረሳ ሰው ጥቅምት 20 ይጽፋል።

ቫይታል ሳይን (እንደ ደም ግፊትና ትንፋሽ ያሉ ልኬቶች) ላይ ሐሜቱ ይታወቃል፦ የሁሉም ሰው ቢፒ (የደም ግፊት) 120/80፣ የሁሉም ሕፃን ትንፋሽ 24። ትንፋሽ ሕፃኑ ሳያለቅስ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠራል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። በግምት የተጻፈ 24 የሳንባ ምች ይደብቃል። ሙአክም (የላይኛው ክንድ ዙሪያ ልኬት) በነጥብ ይጻፍ፤ 11.4 ሴንቲ ሜትርን «11.5» ብሎ ማጠጋጋት ልጁን ከከፍተኛ የምግብ እጥረት ወደ መካከለኛው ያሻግረዋል።

ስህተት ሲገኝ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ፊርማና ቀን ይከተላል። ነጭ ቀለም አይቀባም፣ የታችኛው ጽሑፍ መነበብ አለበት።

ታሊው (ለሪፖርት እያንዳንዱ ታካሚ በጭረት የሚቆጠርበት ቅጽ) ደግሞ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ይሰመር። የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ስለሆነ፣ የተጠራቀመ ታሊ በ20 ምሽት ከመዝገብ ሲቆጠር ቁጥሩ አይገጥምም። ያኔ ፈታኙ ነገር ታሊውን ለማስማማት መዝገቡን መነካካት ነው። የሚታረመው ታሊው ነው፤ መዝገቡም የሚመሳከረው ከካርዱ ጋር ነው።