ስፒን ንዝረቱን በምን ያውቀዋል? ከድሬ የጥናት ማስታወሻዬ

ሰላም ወገን። ቀጥ ያሉ ሞለኪውሎች ላይ ተቀምጬ ነው የከረምኩት። የድሬ ሙቀት ቀን ቀን ላፕቶፕ አያስነካም፤ ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ፣ ከዚራ ነፈስ ሲል፣ አብዛኛውን በወረቀትና በካልኩሌተር ሠራሁት። ለዚህ ጉዳይ እንዲያውም ይሻላል።

የያዝኩት ሞለኪውል ኤንሲኦ ነው። ናይትሮጅን፣ ካርቦንና ኦክስጅን በአንድ መስመር፣ ጥንድ የሌለው አንድ ኤሌክትሮን ይዘው። ኤሌክትሮኑ ዘንጉን ይዞራል፣ ስፒኑም (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው የራሱ ባሕርይ) ከዚህ ዙረት ጋር ተቆራኝቷል። ሞለኪውሉ ቢለጠጥ ቢኮማተር መስመሩ ያው መስመር ነው። ሲታጠፍ ግን እኩል የነበሩት ሁለት ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮኑ መገኛ ቅርጾች)፣ አንዱ በመታጠፊያው ገጽ ላይ ሌላው ለእሱ ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ኢነርጂያቸው ይለያያል፣ ዙረቱም ይደናቀፋል። ሬነር-ቴለር የሚባለው ይሄ ነው። ሩዶልፍ ሬነር ስሌቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ጆን ፖፕል በ1960 ስፒንን ጨመረበት።

ታዲያ ስፒኑ መታጠፉን በምን አወቀ? በዚህ ሞዴል በቀጥታ አያውቅም አቦ! ዙረቱ ነው በመሃል እንደ ሽማግሌ የሚመላለሰው።

ቁጥር እንይ፣ ኢነርጂዎቹ ሁሉ በዌቭነምበር (በሴንቲሜትር ስንት ሞገድ እንደሚገባ የሚቆጥር የኢነርጂ መለኪያ)። የኤንሲኦ ስፒን-ኦርቢት (የስፒኑና የዙረቱ ቁርኝት) 95 ገደማ ነው፣ የመታጠፊያው ንዝረት 535 አካባቢ፣ የሬነር ጥንካሬው ደግሞ፣ አሃድ የሌለው ቁጥር፣ 0.144 ያህል። የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ምልክቶቹን ትቻለሁ። 535ን በ0.144 ስናባዛ 77 እናገኛለን። አንድ ጊዜ በታጠፈው ደረጃ ንዝረቱም የራሱ ዙረት አለው፣ መጠኑም እንደ ኤሌክትሮኑ 1 ነው። የኤሌክትሮኑና የንዝረቱ ዙረት አንድ አቅጣጫ ከያዙ ድምሩ 2 ነው፤ እዚያ ሬነር በመጀመሪያው ደረጃ ስሌት ዜሮ ይሆናል፣ የ95ቱ ልዩነት እንዳለ ይቀራል። ተቃራኒ ከሆኑ ግን ድምሩ 0 ነው፣ ወሬውም ያለው እዚህ ነው። ሁለት በሁለት ማትሪክስ ብቻ! ዲያጎናሉ ላይ የ95 ግማሽ፣ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ፤ ከዲያጎናሉ ውጭ 77። ሲፈታ ልዩነቱ 181 አካባቢ ይመጣል። 95ን ለ181 ስናካፍል ደግሞ የቀረውን ዙረት እናገኛለን፦ ግማሽ ገደማ። ስፒኑ የተቆራኘበት ዙረት በአንድ መታጠፍ ብቻ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት።

ቀጣዩ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ፖዘቲቭ አዮን ነው። ስፒን-ኦርቢቱ 160 ገደማ ስለሆነ ስፒኑ በቀላሉ አይረታም። ችግሩ እዚያ ፌርሚ ሬዞናንስም አለ፣ የመለጠጡ ንዝረት ከሁለት መታጠፍ ጋር ይቀላቀላል፤ ሁለት በሁለቷ አትበቃም፣ ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋውን) መክፈቴ አይቀርም። የሞከራችሁ ካላችሁ ማትሪክሱን እስከ ስንተኛው ደረጃ እንደወሰዳችሁት ንገሩኝ።